ላሟ ካመሰኳች

ሰኞ

ዛሬም ላሟ ወደቀች።

ደንገጎ ቁልቁለት ላይ፣ ጥምዙ ጋ፣ ጋሽ በቀለ ፍሬን ሲይዙ ተሳቢው ከኋላ ገፋን። መልሶ ጎተተን። ደሞ ገፋን። ጥርሴ ተጋጨ። ወርጄ ሳይ ላሟ በጉልበቷ ተንበርክካ ዓይኗ ፈጥጧል። ያውም እርጉዝ ናት።

ሶፊ እርሻው ጋ እንደተመለስን ጋሽ በቀለ ቁልፉን የላሞቹ ባለቤት ሐጂ ኢብራሂም እጅ ላይ አስቀመጡ። "ይሄ መኪና አይደለም፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ነው፤ እኔ በሽምግልናዬ መሃላቸው አልገባም" አሉና ጃኬታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሄዱ። ሹፌራችን እሳቸው ነበሩ። አሁን ሹፌር የለንም።

ያለነው እኔና ሚኪ ነን። ሁለታችንም ረዳት፣ ሁለታችንም መንጃ ፈቃድ አለን፣ ሁለታችንም ሸዋ በር ነው ያደግነው። ልዩነቱ እኔ ተሳቢ አውቃለሁ። በሐረር ከኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ሐጂ ላሞቹን ሲያዩ ቆዩና ጠሩን። እንዲህ አሉ፦

"እኔ ብረት አላውቅም። ላም ግን አውቃለሁ። ላም ሰላም ካላት ታመሰኳለች፣ ከፈራች አታመሰኳም። ደንገጎን ላሜ እያመሰኳች የሚያወርድልኝ ሰው ቁልፉን ይውሰድ። ሐሙስ ጠዋት ሀሳባችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የተሻለውን አሠራለሁ።"

አለቀ። ቁልፉ የኔ ነው። ለሚኪ እዛው ነግሬዋለሁ፣ አይዞህ ረዳቴ አደርግሃለሁ ብዬዋለሁ። ሳቀ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም ረዳት ነው።

አንድ ችግር ብቻ አለ። እማዬ ለማኅበሯ ሴቶች ሁሉ "ልጄ ሹፌር ሆነ" ብላ አውርታለች። ማን ነገራት? እኔ። አምና። ሰፈር ውስጥ "ሹፌሩ" እያሉ ነው የሚጠሩኝ፣ እኔም አቤት እላለሁ። እና ይሄን ቁልፍ ሌላ ሰው ከያዘው ሸዋ በር ላይ እንዴት ነው የምሄደው?

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ መኪናው ሥር ተኝቼ ዋልኩ። ሸሚዜ ግራሶ ብቻ ሆኗል፣ እማዬ ጮኸችብኝ።

በሽታውን አገኘሁት። የኛ ተሳቢ እንደሌላው ከኋላ መንጠቆ፣ ጋንቾ ላይ አይጎተትም። አፍንጫው መኪናው ጀርባ ላይ ይወጣል፣ እዛ የብረት ሰሃን አለ፣ የተሳቢው ፔርኖ፣ ወፍራሙ የብረት ካስማ፣ ሰሃኑ መሃል ይገባና ይቆለፋል። ጥሩ ነገር ነው፣ ክብደቱ መኪናው ላይ ያርፋል። ግን ድሮ የበየደው ሰውዬ ሰሃኑን ከኋላ ጎማው መሃል ወደ ኋላ አልፎ ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ ላሞቹ ሲጫኑ የመኪናው ጭራ ይጫናል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ፍሬን ስትይዝ እንደ አህያ ይራገጣል። ሲብስ ደሞ ሰሃኑ ብረት በብረት ላይ ነው። መሃል ምንም የሚለሰልስ ነገር የለም። ጉድጓዱ ሁሉ ቀጥታ ላሟ ጉልበት ይገባል።

ምን ይደረግ? እስካሁን የሰማሁት፦

የሐጂ ሚስት ወንድም፦ አሸዋ በጆንያ ጫኑበት። (እሱ ለሁሉም ነገር አሸዋ ነው።)

ድሬ ያለው ጋራዥ፦ ሰሃኑን በአዲስ ቀይሩት። አዲስም ሆነ አሮጌ ብረት ብረት ነው።

ጎሚስታው፦ ከሰሃኑ ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አድርጉ። ይሄ ትንሽ ጭንቅላት አለው። ግን ጎማው በሳምንት ይጨፈለቃል።

እኔ፦ የአየር ትራስ! አውቶብስ በባሌስትራ ፋንታ የሚቀመጥበት፣ በአየር የሚነፋው ወፍራም የጎማ ትራስ። ሰሃኑን ፊት ለፊቱን በማጠፊያ አስረህ፣ ከኋላው ግራና ቀኝ ሁለት ትራስ ሥር ታስገባለታለህ። መንገዱ ሲመታ ትራሱ ይውጠዋል። አየሩን ከመኪናው ፍሬን ታንክ ትሰጠዋለህ።

ብረታ ብረት ተራ ሄጄ ከወደቀ አውቶብስ ላይ ሁለት ደህና ትራስ አገኘሁ። በሳሙና ውሃ ፈተንኩት፣ አረፋ የለም፣ አይተነፍስም። ሰውዬውን አስቀምጥልኝ አልኩት።

ከዛ ቦታውን ለካሁ። ሰሃኑ ከኋላ ጎማው መሃል ትንሽ ወደፊት መሆን አለበት። አራት ጣት። ከዛ በላይ ከሄደ ጥምዝ ላይ የተሳቢው አፍንጫ ጋቢናውን ይመታል። ሲባጎ ይዤ ዞሬ ዞሬ ለካሁ፣ አራት ጣቱ ላይ ቋጠሮ አሰርኩበት። ሲባጎው ኪሴ ውስጥ ነው።

ማን ነው እንዲህ የሚያስብ? ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። ብማር ኖሮ ምን ልሆን ነበር፣ ራሴንም ያስፈራኛል።

ረቡዕ

ጀማል ቤት በርጫ ተቀምጠን ስንቅም ዋልን። ጀማል ግንቡ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ጀጎል፣ የሐጂን ወተት በባጃጅ የሚያከፋፍለው ልጅ። ጫቱ ደህና ነበር። እኔ፣ ጀማል፣ ሚኪ። እማዬ በጾም ቀን ደሞ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የወጣሁት።

ከሰዓት በኋላ መረቀንኩ። እንዴት ዓይነት ምርቃና! አየር ትራሱን ነገርኳቸው። ማጠፊያውን ነገርኳቸው። ብረታ ብረት ተራ የቱ ሱቅ እንዳለ ነገርኳቸው። ተነስቼ በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁ፣ ጀማል "አቦ አንተ እኮ ኢንጂነር ነህ" አለኝ። ሚኪ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ውሃ ይቀዳልኛል፣ ከሱ እሽግ ጀባ ይለኛል። በወሬዬ ሁሉንም ገዛኋቸው። ሐረርን በሙሉ በተሳቢ ጎተትኩ።

አሁን እቤት ነኝ፣ ደስ ብሎኛል። ነገ ቁልፍ።

አንድ ነገር ብቻ። ስንነሳ የኔ ፊት የተቃመ ጫት ገረባ ተከምሯል፣ የጀማልም። ሚኪ ፊት ግን ምንም የለም ማለት ይቻላል። ሆዱን አሞት ይሆናል።

ሐሙስ

የተረገመ ልጅ።

ሸሚዜን አስተኩሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሶፊ ደረስኩ። በሩ ጋ ባጃጅ ቆሟል፣ ሁለቱ አየር ትራሶች እየወረዱ ነው። የኔ ትራሶች! በሳሙና የፈተንኳቸው። መጀመሪያ ሐጂ በህልማቸው አይተው ያዘዙ መሰለኝ፣ ወላሂ እንደዛ ነው ያሰብኩት። ከዛ ሚኪን አየሁት። መኪናው ጀርባ ላይ ተንበርክኮ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። በያጁ ከጎኑ ቆሟል።

"ምን እየሰራህ ነው?" አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሐጂ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሀሳቡ የኔ ነው፣ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሥሩ ተኝቼ ነው፣ ብረታ ብረት ተራ ሰውዬውን ይጠይቁት አልኩ። "ሰውዬው 'ትራስ አስቀምጥ ብሎኛል' ይል ይሆናል፣ 'ሰሃን ሥር አስገባዋለሁ ብሎኛል' አይልም" አሉ ሐጂ። ልክ ናቸው። ትራሱን ለምን እንደፈለግሁት ለሰውዬው አልነገርኩትም፣ ሀሳቤን እንዳይሰርቀኝ ብዬ!

"ሚኪያስ ይሄን የት ሰማ?" አሉኝ ሐጂ። በርጫ ላይ፣ አልኩ።

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አይደለም፣ እሱ ነው የባሰው።

"ልጄ፣ በርጫ ላይ ቤት ያልሠራ ማን አለ? እኔ ራሴ በወጣትነቴ ጀማል አያት ቤት ተቀምጬ ስንት መርከብ ገዝቻለሁ። የምርቃና ቃል ባለቤት የለውም። ጠዋት በባዶ አፍህ መጥተህ ብትነግረኝ ያንተ ነበር። እሱ ከሱብሒ ሶላት ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።"

ሚኪ! ከጠዋቱ በዛ ሰዓት ተነስቶ የማያውቅ! ክርስቲያኑ ልጅ የሐጂን የሶላት ሰዓት ጠብቆ!

አንድ ሳህን ነው የበላነው። አባቱ ሲሞት ለቅሶ ላይ እኔ ነኝ ድንኳን የተከልኩት። መንጃ ፈቃድ ፈተና ሲወድቅ ማንም እንዳይስቅበት አብሬው ወድቄያለሁ ብዬ ዋሽቼ አውርቻለሁ። እኔ! ወድቄ የማላውቅ!

ሁሉንም ነገር አስታወስኩ አሁን። ውሃ የሚቀዳልኝ። ጀባ የሚለኝ። እንድመረቅን ነዋ። እሱ አልቃመም። ቁጭ ብሎ እንደ ጆንያ አፉን ከፍቶ የኔን ወሬ ሞላበት።

እማዬ "ዛሬ መኪናው የት አለ?" አለችኝ። ጋራዥ ነው አልኳት።

አርብ

ጀማል ጋ ሄድኩ። ከጁምዓ ሲወጣ መስጊዱ በር ላይ ያዝኩት። ሐጂ ጋ መጥተህ አንድ ቃል ብቻ ተናገር፣ ሀብታሙ ነው የተናገረው በል፣ አልኩት። ለመንኩት ማለት ይቻላል። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም።

"አቦ ሀብቴ፣ ከቤቴ በርጫ ወሬ አላወጣም" አለኝ። "ዛሬ ያንተን ባወጣ፣ ነገ የኔን ታወጣለህ። ማን ጋ ነው ከዛ ቁጭ ብለን የምናወራው?"

ሚኪ አወጣው እኮ አልኩት። እሱ የራሱ ጉዳይ ነው፣ አለኝ፣ ከአሁን በኋላ ቤቴ አይቀመጥም። እሺ፣ ግን ይሄ እኔን ምን ይጠቅመኛል? ሕጉን የጠበቀው ሰው ሌባውን ደበቀው።

ቤት ገብቼ ተኛሁ። ኪሴ ቆረቆረኝ፣ ሲባጎው ነው። አወጣሁት። ቋጠሮውን አየሁት። አራት ጣት።

ከዛ ድንገት ብድግ አልኩ።

ትናንት የሚኪ ጠመኔ የት ነበር? ንዴት አሳውሮኝ አይቼ አላየሁትም። አሁን ግን ዓይኔ ላይ መጣ። ምልክቱ ጋቢናው ጋ ተጠግቷል። አንድ ክንድ። ለምን አንድ ክንድ?

ምክንያቱም እኔ ነኝ ያልኩት። በርጫ ላይ ተነስቼ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ "አንድ ክንድ ሙሉ ወደፊት! ማንም ደፍሮ ያላስቀመጠበት ቦታ!" ብዬ። አራት ጣት ማለት ለምርቃና አነሰችኛ። አራት ጣት ማን ያጨበጭብለታል?

ሌባው ከነጉራዬ ሰረቀኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። አልጋው ላይ ተንከባለልኩ። ይሂድ! ደንገጎ ጥምዝ ላይ ሲደርስ የተሳቢው አፍንጫ ጋቢናውን ጀርባ ይምታው፣ ሐጂ ይዩት፣ ሐረር ይየው። አፌን ዘግቼ መቀመጥ ብቻ ነው። በሕይወቴ አንድ ጊዜ አፌን መዝጋት።

ግን ጋቢናው ውስጥ ማን አለ? ሚኪ አለ። አንገቱ ከኋላ መስታወቱ ስንት ይርቃል? ከኋላ ላሟ አለች፣ ከነሆዷ። ሥሩ ገደል ነው።

ይውደቅ እላለሁ። ተመልሼ ደሞ አንገቱ ይታየኛል። እናቱ ዛሬ በመስኮት "ሀብቴ ጠፋህ" አሉኝ፣ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ምንም አያውቁም እሳቸው።

ቅዳሜ

ሄድኩ። ጠዋት፣ በባዶ አፌ።

ሰሃኑ ተበይዷል፣ አየር ትራሱ ገብቷል፣ ያምራል። ሲያምር ሳየው ልቤ ተቃጠለ፣ የራስህን ልጅ ሌላ ሰው አዝሎት እንደማየት ነው። ሚኪ ተሳቢውን አያይዞ ሰሃኑን ግራሶ ይቀባል።

ቦታው ልክ አይደለም፣ ይመታሃል፣ አልኩት። በደንብ፣ ሳልሳደብ።

"ቀንተህ ነው" አለኝ።

ቀንቻለሁ፣ ግን ይመታሃል፣ አልኩት።

ያኔ ነው ግራሶውን ወርውሮ የተናገረው። "ሁሌ 'ረዳቴ፣ ረዳቴ' ነው የምትለኝ። ሰው ፊት፣ ሴት ፊት፣ እናቴ ፊት። አንድ ቀን 'ሚኪ አንተስ ምን ታስባለህ?' ብለኸኝ ታውቃለህ? በርጫውም ላይ አላልከኝም። እኔም ሐጂ ጋ ልሄድ ነው አላልኩህም፣ ተካካስን?"

 ጠይቄው አላውቅም፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ይሄ መስረቁን ልክ አያደርገውም። ሰው "ረዳቴ" ቢልህ ትሰድበዋለህ፣ ትማታለህ። ጭንቅላቱን አትዘርፍም።

ሐጂ ጭቅጭቁን ሰምተው መጡ። የምለውን ነገርኳቸው። ፊታቸውን ሳይ አላመኑኝም፣ ግን ላማቸውን ይወዳሉ። "ላም ሳይጫን፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ባዶውን ያዙረው" አሉ።

ሚኪ ገባና መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ቀስ ብሎ። ተሳቢው ዞረ፣ አፍንጫው ጥግ ወደ ጋቢናው መጣ፣ መጣ፣ መጣ። ሚኪ ወደፊት ነው የሚያየው። ሐጂ አፋቸውን ይዘዋል። እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ሮጬ በሩን በመዳፌ መታሁት። "ቁም!"

ቆመ። ግን አፍንጫው ነክቶታል። የኋላ መስታወቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ፣ ልክ ከሚኪ ማጅራት ጀርባ።

ሚኪ ወርዶ አየው። እጁን አንገቱ ላይ አደረገ። 

ሲባጎውን አወጣሁና ለሐጂ ሰጠኋቸው። ቋጠሮው አራት ጣት ነው፣ ሰሃኑ እዚህ ነው መሆን ያለበት፣ አልኩ። ሐጂ ቋጠሮውን አገላብጠው አዩ። ይሄን ከበርጫው በፊት ነው ወይስ በኋላ የለካኸው አሉኝ። በፊት፣ አልኩ። ታዲያ ለምን አንድ ክንድ አልክ ቢሉኝ ኖሮ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አልጠየቁም። ገብቷቸዋል።

በያጁ ተጠራ፣ ሰሃኑ ተነቅሎ ወደ ቋጠሮው ቦታ ተመለሰ። 

እኔ ቁልፉን እየጠበቅሁ ነበር። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌያለሁ ጭምር። ሐጂ ግን ቁልፉን ኪሳቸው ከተው እንዲህ አሉ፦

"አንዱ ቃል ሰረቀ፣ አንዱ ቃል አፈሰሰ። ማናችሁን ልመን? ሰኞ እርጉዟን ላም ድሬ ልጄ ቤት ታደርሳላችሁ። ወደ ታች ሚኪያስ ይነዳል፣ አንተ ከኋላ ላሟ ጋ ትቀመጣለህ። ማክሰኞ እዛ ያለችኝን ሌላ ላም ይዛችሁ ስትመለሱ አንተ ትነዳለህ፣ እሱ ላሟ ጋ ይቀመጣል። እኔ ቀድሜ በሚኒባስ ወርጄ ድሬ እጠብቃለሁ፣ ማክሰኞም ቀድሜ ሶፊ እመለሳለሁ። ከላሟ ጋር የተቀመጠውን 'አመሰኳች ወይ?' ብዬ እጠይቀዋለሁ። የሚለኝን አምናለሁ። በሁለታችሁም ካመሰኩ በየተራ ትይዛላችሁ። በአንዳችሁ ብቻ ከሆነ ቁልፉ የሱ ነው።"

ፍትሕ ነው ይሄ? የኔ ሀሳብ፣ የኔ ልክ፣ የኔ ሲባጎ። እኔ ከላም ጋር።

እሁድ

እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ ለጎረቤት "ነገ ድሬ ይነዳል" ስትል ሰማሁ። አላረምኳትም። ጫት የሚባል ነገር ሳላይ ዋልኩ። ራሴን አመመኝ።

ከላሟ ጋር የተቀመጠው የሚለውን አምናለሁ። ይሄን ቃል ነው ቀኑን ሙሉ የማስበው። "አላመሰኳችም" ማለት አንድ ቃል ናት። ማንም አያየኝም። ላሟ አትመሰክርም።

ሰኞ፣ ድሬ

ገለባ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጀርባዬን ለፍርግርጉ ሰጥቼ፣ ከላሟ ፊት ለፊት። ሚኪ አንድ ጊዜ በተሰነጠቀው መስታወት ዞሮ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዛ ሄድን።

ደንገጎ አናት ላይ ስንደርስ እንደልማዴ ጉልበቴን አጥፌ፣ ፍርግርጉን ይዤ መገፋቱን ጠበቅሁ። ሚኪ ፍሬን ያዘ። ትራሶቹ "ፍስስ" አሉ። ሰሃኑ እንደ ትከሻ ዝቅ አለ፣ ቀና አለ። አለቀ። ያ ብቻ። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ፣ ባለፈው በወደቀችበት፣ ላሟ አንድ እግሯን ብቻ ቀየረች።

የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ አውቶብስ ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት። እኔ! ልጮህ ፈለግሁ፣ የሚሰማኝ ላም ብቻ ናት።

ከዛ ጉሮሮዋን አየሁ። ከታች የሆነ ነገር ኳስ ሆኖ ሽቅብ ወጣ፣ መንጋጋዋ ወደ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ዓይኗ ግማሹን ተከደነ። አመሰኳች። እስከ ታች ድረስ አላቆመችም።

እንዳታመሰኳ ስፈልግ ነበር፣ እውነቱን ልጻፍ። አፍንጫዋን ልቆንጥጥ ሁሉ አስቤያለሁ። ግን ያማረ ሥራ ሲያመሰኳ ፊት ለፊትህ እያየህ፣ እንዴት ነው የራስህን እጅ የምትክደው?

ሐጂ በልጃቸው ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሰላም እንኳ ሳይሉን ወደኔ መጡ። ሚኪ ቁልቁል መሬት ያያል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ቆየሁበት። ሆን ብዬ ቆየሁበት፣ ትንሽ ይቃጠል ብዬ።

"አመሰኳች ሐጂ፣ ከላይኛው ጥምዝ ጀምሮ" አልኩ።

ሚኪ በጥፊ የመታሁት ይመስል አየኝ። አመሰግናለሁ አላለም፣ ይቅርታም አላለም። ማታ ላይ አንድ እሽግ ጫት ይዞ መጣና አጠገቤ አስቀመጠው። ጀባ አለኝ። አፌ ዝግ ነው አልኩት። ብቻውን ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም፣ ይዞት ሄደ።

ነገ መሪው ላይ እኔ ነኝ። እንዴት እንደምነዳ ማንም አይነግረኝም፣ በዛ በኩል ሐሳብ የለኝም። ላሟ ታመሰኳለች፣ እሱንም አውቃለሁ። ሚኪ ከኋላ ይቀመጣል፣ በስንጥቁ በኩል ቁራጭ ቁራጩ ነው የሚታየኝ። ሶፊ ስንደርስ ሐጂ "አመሰኳች ወይ?" ብለው ይጠይቁታል።

እኔ ያልኩትን ብያለሁ። እሱ ምን እንደሚል ነው የማላውቀው።